ውሃ ብቻ የጠጣው አይጥ

ከእንጦጦ ጋራ ወደ አዲስ አበባ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከቀበና ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ታሪኩ ከአድዋ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1896 ጦርነቱ እንዳበቃ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ለማከም አዲስ አበባ ደረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቋሚ ሆስፒታል ከፍተው እስከ 1906 ሠሩ። እነሱ ከሄዱ በኋላ በ1910 ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራው ሆስፒታል ተቋቋመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን ጉበቱን የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ቢደርስ የሚደረግለት ነገር እምብዛም አልነበረም። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ክንዱና ጭኑ ይመነምናል። ሕዝቡ ቢጫነቱን «የወፍ በሽታ» ብሎ የሌሊት ወፍ ያመጣው ነው ይል ነበር፤ ዛሬም የሚል ብዙ ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰንሰል ቅጠልን ከመሳሰሉት ከአጥር ሥር ከሚቀጠፉት ይፈለጋል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም ፀበል ይወጣል። ሆዱ የተነፋው ወንድ ከሆነ ግን ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚደርሰው የጎረቤት ፍርድ ነው። «አረቄው ነው የበላው» ይባላል። ይህ ፍርድ አሁንም በየሐዘን ድንኳኑ ይሰማል። ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሟቹን ይበድላል፣ ሚስቱንና ልጆቹንም አንገት ያስደፋል።

አልኮል ጉበትን እንደሚጎዳ አያከራክርም። ይሁንና የጉበት ካንሰር በዓለም ዙሪያ ወንዶችን ከሴቶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚሆን መጠን ያጠቃል፤ መጠጥ እምብዛም በማይጠጣባቸው አገሮችም ቢሆን ወንዱ ይበዛል። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው፣ ይኸው ልዩነት በሕይወታቸው ከውሃ ሌላ መጠጥ ቀምሰው በማያውቁ እንስሳት ላይ መታየቱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጃፓን ነው። በ1915 ካትሱሳቡሮ ያማጊዋና ረዳቱ ኮይቺ ኢቺካዋ የጥንቸሎችን ጆሮ ለወራት ያለማቋረጥ በድንጋይ ከሰል ሬንጅ በመቀባት በቤተ ሙከራ ውስጥ ካንሰር አስነሱ። በ1930ዎቹ ደግሞ ታካኦኪ ሳሳኪና ቶሚዞ ዮሺዳ ከማቅለሚያዎች ወገን የሆነ አንድ ኬሚካል ከመኖ ጋር ቀላቅለው ለአይጦች አበሉ፤ ካንሰሩ በቆዳ ወይም በሆድ ሳይሆን በጉበት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሪዮጁን ኪኖሺታ የተባለ ተመራማሪ ለቅቤ ማቅለሚያ ያገለግል የነበረ ቢጫ ቀለም ያንኑ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳየ። ከዚያ በኋላ የጉበት ካንሰርን ከሥሩ ማጥናት የፈለገ ሁሉ አይጥ ማርባት ያዘ።

ለእንዲህ ያለው ጥናት ግን የተገኘው አይጥ ሁሉ አይሆንም። አንዱ ታሞ ሌላው ቢድን ምክንያቱ ኬሚካሉ ይሁን ዘሩ መለየት አይቻልም። በአሜሪካ ሊዮኔል ስትሮንግ ከ1920 ጀምሮ ወንድምና እህት አይጦችን ለብዙ ትውልድ እያዳቀለ ሲ3ኤች የሚባል ዘር አወጣ። የዚህ ዘር አይጦች እርስ በርሳቸው መንታ ያህል ይመሳሰላሉ። ሴቴዎቹ በጡት ካንሰር ስለሚያዙ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሚከታተሉት እነሱን ነበር። ወንዴዎቹ በጡት ካንሰር ስለማይሞቱ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ሲያረጁም ማንም ምንም ሳያደርጋቸው በጉበታቸው ላይ ዕጢ ይበቅላል።

በ1950 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይሠራ የነበረው ሃዋርድ አንደርቮንት እነዚህን የጉበት ዕጢዎች በወጉ ቆጥሮ አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በየል ዩኒቨርሲቲ አግኒውና ጋርድነር በዚሁ ዘር ላይ የወንድና የሴት ሆርሞኖች የሚያደርሱትን ለውጥ ፈተሹ። ወንዴዎቹ ከሴቴዎቹ በዝተው ይታመማሉ። የዘር ፍሬያቸው በልጅነታቸው የወጣላቸው ወንዴዎች ግን ዕጢያቸው ይቀንሳል። እነዚህ አይጦች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ያደጉ፣ አንድ ዓይነት መኖ የበሉ፣ ውሃ ብቻ የጠጡ ናቸው። ወይፈን ሲኮላሽ የአንገቱ ውፍረት፣ ሥጋውና ጠባዩ እንደሚለወጥ ገበሬያችን ከጥንት ያውቃል፤ በአይጡ ላይ የተለወጠው ጉበቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለት አጋጣሚዎች ምርምሩን ወደፊት ገፉት። በ1954 ባርንስና ማጊ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ሠራተኞች ጉበታቸው የተጎዳበትን አንድ የኢንዱስትሪ ኬሚካል መርምረው ነበር። በ1956 ይኸው ኬሚካል፣ ዳይሜቲልናይትሮሳሚን፣ የአይጥን ጉበት ካንሰር እንደሚያሲዝ አስታወቁ። የቅርብ ዘመዱ ዳይኤቲልናይትሮሳሚን በኋላ የጉበት ካንሰር ተመራማሪዎች ዋና መሣሪያ ሆነ። ሁለተኛው አጋጣሚ በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት ማለቃቸው ነው። መኖአቸው ውስጥ የነበረው ከብራዚል የመጣ ኦቾሎኒ ሻግቶ ኖሮ፣ ከሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ተገኘ። አፍላቶክሲን ለአይጦች ሲሰጥም ወንዴዎቹ ከሴቴዎቹ ቀድመውና በዝተው የጉበት ካንሰር ይይዛቸዋል። የኬሚካሉ ዓይነት ቢለዋወጥም የወንዴው ዕጣ አልተለወጠም።

በ1967 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቬሰሊኖቪችና ሚሃይሎቪች ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ያዙት። ዩሬታን የተባለ ኬሚካል ከሰጧቸው አይጦች መካከል የወንዴዎቹን የዘር ፍሬ፣ የሴቴዎቹን ደግሞ እንቁላል ማምረቻ እያወጡ አነጻጸሩ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሙከራዎች የተገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው፦ የወንድ ሆርሞን ሲወገድ ዕጢው ይቀንሳል፣ የሴት ሆርሞን ሲወገድ ደግሞ ይጨምራል። እንግዲህ ነገሩ የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ማቀጣጠሉ ብቻ አልነበረም፤ የሴቷ ሆርሞን ኢስትሮጅንም ታዛቢ አልነበረም። ኢስትሮጅን ራሱ አንድ የሚከለክለው ነገር ነበረ። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሌላ 40 ዓመት ፈጀ።

በዚያው ዘመን እኛ አገር ሐኪሞች ጥያቄውን የሚያነሱት በአይጥ ሳይሆን በሰው ሬሳና በሕሙማን አልጋ ዙሪያ ነበር። በ1970 ፓቭሊትሳና ሳሙኤል የተባሉ ሐኪሞች በአስከሬን ምርመራ የተረጋገጡ 38 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን ታሪክ በብሪቲሽ የካንሰር መጽሔት አወጡ። በአገራችን ሬሳ ማስከፈት የሚከብድ ነገር ነው፤ ቤተሰብ የሚሻው ሟቹን በጊዜ አፈር ማልበስ ነው። 38 ሰው ያኔ ትልቅ ቁጥር የነበረውም ለዚህ ነው። ከእነዚያ 38 ቤተሰቦች የተገኘው ዕውቀት የጉበት ካንሰር ለኢትዮጵያ እንግዳ በሽታ አለመሆኑን በማስረጃ አጸና።

ቀጥሎ የሚነሳው ስም የፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ነው። ጎንደር ተወልደው በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት እደማርያም ወደ አገራቸው ተመልሰው የውስጥ ደዌ ሕክምናን ያስተማሩና የጉበት በሽታን የሕይወታቸው ሥራ ያደረጉ ሰው ናቸው። በ1977 በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ 100 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን አንድ በአንድ ተከታትለው ጻፉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ያኔ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የሐኪሙ እጅ ነበር። ሕመምተኛው ይጋደማል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ሐኪሙ ጣቶቹን ከቀኝ ጎድን አጥንት በታች አስገብቶ «ተንፍስ» ይላል። ጤነኛ ጉበት በዚያ ቦታ እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም ለስላሳ ነው። የታመመው ግን ወርዶና ጠንክሮ፣ ወጣ ገባ እያለ ለጣት ይሻክራል። በጥናቶቻቸው የቀረበውና በኋላ በሌሎች ብዙ ጽሑፎች የተጠቀሰው ቁጥር፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የውስጥ ደዌ ክፍል ከሚተኙት 12 በመቶውን፣ ከሚሞቱት ደግሞ 31 በመቶውን የሚይዘው የጉበት በሽታ ነው ይላል። ሞቱ ከአልጋው ድርሻ ይህን ያህል መብለጡ፣ ሰዎቹ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ምን ያህል ዘግይተው እንደነበር ያሳያል።

በዚህ መካከል ከቫይረሶች ወገን ትልቅ ዜና መጥቶ ነበር። አሜሪካዊው ባሩክ ብለምበርግ በ1960ዎቹ አጋማሽ በአንድ አውስትራሊያዊ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኘው ፕሮቲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ቅርፊት መሆኑ ታወቀና በ1976 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በ1981 ደግሞ በታይዋን ፓልመር ቢዝሊና ባልደረቦቹ 22,707 የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በላንሴት አወጡ። በጉበት ካንሰር ከሞቱት 41 ሰዎች 40ዎቹ ቫይረሱን የተሸከሙ ነበሩ። ይህ ጥናት በሕክምና ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን 22,707ቱም ወንዶች ነበሩ። ቫይረሱ ካንሰር እንደሚያመጣ በማያሻማ መንገድ ተረጋገጠ፤ በወንድ ላይ ለምን እንደሚበረታ ግን ጥናቱ ሊናገር አይችልም፣ የሚያነጻጽራት ሴት በውስጡ የለችምና።

እኛም ተመሳሳይ መንገድ ሄድን። በ1988 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ አገር አቀፍ ጥናት ከሁሉም ክፍለ አገር የመጡ 5,270 ወጣቶችን ደም መርምሮ ነበር፤ እነሱም ሁሉም ወንዶች ናቸው። ከመቶው 10.8ቱ ቫይረሱን ተሸክመው ተገኙ፤ ከመቶው 73ቱን ደግሞ ወይ ያኔ ይዟቸው ነበር ወይ ቀድሞ ነክቷቸው ሄዶ ነበር። የሴቶቹ ጎን የታየው በ1994 ነው። በአዲስ አበባ 1,262 ቤቶች በዕጣ ተመርጠው ከ50 ዓመት በታች የሆኑ 4,736 ሰዎች ደም ተወሰደ፤ ትንተናው በአልማዝ አበበና በባልደረቦቿ በ2003 ታተመ። በጥናቱ 7 በመቶው ቫይረሱን ተሸክሟል። በጾታ ሲከፈል ግን ወንዶቹ 9 በመቶ፣ ሴቶቹ 5 በመቶ ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ እምነት ከአገር ቤቱ ማስረጃ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ጥናቱ የተደረገው በሆስፒታል ሳይሆን በሰፈር ነው። የተመረመሩት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ቫይረሱ በአገራችን በአብዛኛው በልጅነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ወንዱም ሴቷም ለመጋለጥ ያላቸው ዕድል ብዙ የሚራራቅ አይመስልም። ይሁን እንጂ ተሸካሚ ሆኖ የሚቀረው ወንዱ በዛ። ከካንሰሩ አስቀድሞ፣ ገና ቫይረሱን በማስወገድ ደረጃ ላይ፣ የሴቷ አካል የተሻለ ሳይታገል አይቀርም። አረቄ ቤት ለመግባት ገና ባልደረሰ ልጅ ላይ የተጀመረ ልዩነትን በአረቄ ማመካኘት አይቻልም።

የሴት ሆርሞን ሁልጊዜ ጋሻ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ይሆናል። ፕሮፌሰር እደማርያም ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 ባሳተሙት ጥናት ድንገተኛ የጉበት ብግነት በነፍሰ ጡሮች ላይ ምን እንደሚያደርስ ጽፈዋል። ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው፣ በተበከለ ውሃ የሚመጣው ቫይረስ፣ ሌላውን ሰው ጥቂት ሳምንት አስተኝቶ ይለቃል፤ ነፍሰ ጡሯን ግን ሊገድላት ይችላል። ኢስትሮጅኗ ከፍ ባለበት ወቅት ነው የሚገድላት። የሆርሞን ሥራ እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ከአይጡ ጉበት በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል።

የሮጡም ነበሩ። በ1993 ታይዋን ውስጥ ዩና ቼን የወንዶችን ደም ለክተው ቴስቶስትሮናቸው ከፍ ያለው ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳዩ። ብዙ ሐኪሞች ታዲያ መፍትሔው ሆርሞንን መንካት ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌን ለጉበት ካንሰር ሕሙማን ተሞከረ። በ1998 ጣሊያናውያን 496 ሕሙማንን ከፍለው ያደረጉት ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት አንድ ቀን እንኳ የተረጋገጠ ዕድሜ አላገኙም። በ2002 በእስያና ፓሲፊክ አገሮች በ329 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት እንዲያውም ተጎዱ። የወንድ ሆርሞንን የሚያግዱ መድኃኒቶችም ተሞክረው አልረዱም። ለእነዚያ ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው ይህ መራራ ነበር። የሆርሞኑ ሥራ ያለው ካንሰሩ በሚፀነስባቸውና በሚያድግባቸው ዓመታት ነው፤ ዕጢው ጎልምሶ ሰውየው ሐኪም ቤት ሲደርስ ሆርሞኑን ማጥፋት የሚመልሰው ነገር አይኖርም።

2007 ሁለት ነገሮች የተገናኙበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው የሆነው በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ፣ በማይክል ካሪን ቤተ ሙከራ ነበር። ናግለር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 15 ቀን የሞላቸውን፣ ገና የሚጠቡ አይጦች ይይዙና በሆዳቸው አንድ ጊዜ ዳይኤቲልናይትሮሳሚን ይወጓቸዋል። ከዚያ በኋላ ምንም አያደርጓቸውም። ግልገሎቹ ከጡት ይለያሉ፣ ይበላሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ያድጋሉ። ከወራት በኋላ ሆዳቸው ሲከፈት ወንዴዎቹ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ጉበታቸው ላይ ካንሰር በቅሎ ይገኛል። ከሴቴዎቹ ግን የታመሙት ከመቶ ከ10 እስከ 30 ብቻ ናቸው።

ተመራማሪዎቹ ቀጥለው የጠየቁት በመካከሉ ምን እንደተፈጠረ ነው። መርዙ የጉበት ሴሎችን ሲገድል፣ በጉበት ውስጥ ዘብ የቆሙት ኩፕፈር የሚባሉ ሴሎች የሬሳውን ፍርስራሽ አይተው ይቆጣሉ፤ ኢንተርሉኪን-6 የተባለ መልእክተኛም ይለቃሉ። መልእክቱ «የሞተውን ተኩ» ነው። የተረፉት ሴሎች ይባዛሉ፤ መርዙ ዘረመላቸውን ያቆሰለባቸው ሴሎችም አብረው ይባዛሉ። ካንሰሩ የሚፀነሰው እዚያ ላይ ነው። በሴቴዎቹ ውስጥ ኢስትሮጅን የኩፕፈር ሴሎችን ቁጣ ያበርዳል፤ መልእክተኛው ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ኢንተርሉኪን-6 እንዳይሠሩ ተደርገው የተወለዱ ወንዴዎችን ሲወጉ ዕጢው ወርዶ ከሴቴዎቹ ጋር ተስተካከለ። ከ1967 ጀምሮ ኢስትሮጅን የሚከለክለው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የነበረው ጥያቄ ስምና አድራሻ ያለው መልስ አገኘ።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት በመደበኛ የሕፃናት ፕሮግራሟ ውስጥ አስገባች። ከአምስቱ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። በየካ ጤና ጣቢያዎችም ሆነ በሌላው አገር፣ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ዕድሜ ሕፃኑ ጭኑ ላይ ይወጋል። ሳይንቲስቶቹ በሳንዲያጎ የካንሰሩን መንገድ በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ፣ የእኛ ነርሶች መንገዱን ከመነሻው ይዘጉ ነበር። ከሁለቱ ሥራዎች የትኛው ብዙ ነፍስ እንደሚያድን ብጠየቅ ሳላመነታ ነርሷን እጠቁማለሁ።

ምርምሩ ከዚያ ወዲህ ጠልቆ ሄደ። በ2009 የታይዋን ሳይንቲስቶች ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በራሱ ዘረመል ላይ የወንድ ሆርሞን ተቀባይ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳለው አገኙ። ቴስቶስትሮን ተቀባዩን ይዞ እዚያ ሲያርፍ ቫይረሱ ይበረታል፤ ራሱን በብዛት ያባዛል። የ1994ቱ የአዲስ አበባ ጥናት 9 በመቶና 5 በመቶ ብሎ የመዘገበው ልዩነት በዚህ በኩል ትርጉም ይሰጣል። በ2010 ደግሞ ይኸው ተቀባይ ከጉበታቸው ሴሎች የተወገደባቸው ወንዴ አይጦች ቫይረሱ ከሚያመጣው ካንሰር በብዛት እንደሚድኑ ታየ።

በ2012 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የክላውስ ኬስትነር ቡድን ያሳተመው ከሁሉም የሚደንቅ ነው። ፎክስኤ1 እና ፎክስኤ2 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ሆርሞን ተቀባዮች በዘረመሉ ላይ የት እንደሚያርፉ ይመራሉ። ሁለቱ ከአይጦቹ ጉበት ሲነሱ ዕጣው ተገለበጠ፤ ወንዴዎቹ ዳኑ፣ ሴቴዎቹ ታመሙ። ሆርሞኖቹ ግን ያው ናቸው። በ2019 ማድሪድ ውስጥ የጓዳሉፔ ሳቢዮ ቡድን ሌላ መንገድ ጨመረ፦ አዲፖኔክቲን የተባለ ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ጉበትን ከካንሰር ይጠብቃል፤ ቴስቶስትሮን ደግሞ መጠኑን ዝቅ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአገር ቤት ያለው አደጋ በቫይረሱ ብቻ አልተወሰነም። በአዲስ አበባ በኮተቤና በአባዶ ዙሪያ እስካሁን በግቢያቸው ላም አስረው የሚያልቡ ቤተሰቦች አሉ። ላሚቱ ከምትበላው አንዱ የኑግ ፋጉሎ ነው። ጆንያው ግድግዳ ተደግፎ ይቆለላል፤ ክረምት ሲገባ ከሥሩ ይረጥባል፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ሻጋታ ያበቅላል። በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው የአፍላቶክሲን መጠን ያልዘለሉት 9 ብቻ ናቸው፤ 29ኙ ደግሞ ከዚያ በአሥር እጥፍ የሚበልጠውን የአሜሪካን ወሰን እንኳ አልፈዋል። ዋናው ምንጭ ፋጉሎው ሆኖ ተገኘ። አፍላቶክሲንና ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ጉበት ሲገናኙ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚያደርሰው በብዙ የባሰ ጉዳት ያደርሳሉ። ያንን ወተት እናትም አባትም ልጅም ይጠጡታል፤ ቫይረሱን ተሸክሞ የመገኘት ዕድሉ የሚበዛው ግን ወንዱ ነው።

የወንዶች ልማድም ጨርሶ ነፃ አይወጣም። በ2018 በሐረር 150 የጉበት ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ጫት መቃም ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ጫቱም አረቄውም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ድርሻቸው ግን የሚጨመረው በሆርሞን ምክንያት አስቀድሞ በተጋለጠ ጉበት ላይ ነው፤ ለቅሶ ላይ የሚፈርደው ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎችም በበኩላቸው ወደ አያቶቻችን አጥር ተመልሰዋል። በ2010 በታተመ ሥራቸው ሰንሰልንና የአህያ ጆሮ የሚባለውን ተክል ጉበትን በሚመርዝ ኬሚካል በተጎዱ አይጦች ላይ ሞክረው፣ ጉዳቱን የመቀነስ ጠባይ እንዳላቸው አሳዩ። ከአይጡ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የታሞክሲፌን ታሪክ ያስተማረን ነገር ቢኖር ይህ ነው። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ሲቀጥሉ ወንዴውንና ሴቴውን ለየብቻ ቢቆጥሩ ደስ ይለኛል። አንዱን ጾታ ብቻ የመረመረ ጥናት ምን እንደሚያመልጠው የታይዋኑም የእኛም የ1988ቱ አሳይተውናል።

በ2007 የመጀመሪያውን መርፌ የተወጉት ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። በ1988ቱ ጥናት ደማቸው የታየው 5,270 ወጣቶች ግን ለክትባቱ አልደረሱም። ከመካከላቸው ቫይረሱን የተሸከመው ከአሥር አንዱ ነበር፤ በሕይወት ያሉት አሁን በአብዛኛው ሃምሳዎቹንና ስድሳዎቹን የያዙ፣ ካንሰሩ የሚመጣበት ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች ናቸው፤ በየመንደሩም የእነሱ እኩዮች አሉ። ብዙዎቹ መሸከማቸውን አያውቁም፤ ቫይረሱ ለዓመታት አያምምና። ቴኖፎቪር የሚባለው በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ቫይረሱን ይጨቁናል፣ ካንሰሩ የመምጣቱን ዕድልም ይቀንሳል፤ ከ2015 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ብዙ ሰው አግኝቶታል። ጉበቱ የጠጠረበት ሰው ደግሞ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ቢነሳ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ይገኛል፤ በዚያ ደረጃ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ቫይረሱ መኖሩንና አለመኖሩን ለማወቅ የሚያስፈልገው ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደምና የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ነው።